ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለማስኬድ ቨርቹዋል ማሽን ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ካላገኘ አልጫንም ይላል። ከአምባሳደር እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሀር እስከ አራት ኪሎ፣ በየሕንጻው ፎቅ ላይ ባሉ ትንንሽ ቢሮዎች የማያቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ግን ገና ጤነኛ ናቸው። አዲስ ይገዛ ከተባለ ደግሞ ዋጋው ይታወቃል። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ ነጻውን ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባሉትን ዓይነቶቹን፣ የሚያስጭን ቢሮ በዝቷል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል።

ሊኑክሱ በተጫነ ማግስት ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ ትጠይቃለች፦ «ፒችትሪስ?» የሒሳብ መዝገቡ ያለበትን ፕሮግራም ማለቷ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ሊኑክሱ ውስጥ በአንድ መስኮት የሚከፈት ሙሉ ዊንዶውስ ማለት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቨርቹዋልቦክስ፣ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን እና ኬቪኤም። ሰው ወዲያው «የቱ ይሻላል?» ይላል። ከዚህ ጥያቄ መጀመር ነው ብዙ ጣጣ የሚያመጣው።

ፕሮግራሙን ሳያውቁ ሶፍትዌር መምረጥ

መጀመሪያ ወረቀት አውጡና ጻፉ። ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ፕሮግራም ነው? የስንት ዓመተ ምህረት እትም ነው? ምን ይሰካበታል፤ ፕሪንተር፣ ዶንግል (ፕሮግራሙን የሚከፍት በዩኤስቢ የሚሰካ ቁልፍ)፣ የባርኮድ ማንበቢያ? ዳታው ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ? ግራፊክስ ይፈልጋል?

እነዚህ መልሶች ካሉ ምርጫው በራሱ ይጠባል። ፒችትሪ ለምሳሌ ግራፊክስ አይፈልግም፣ ፕሮሰሰርም አያስጨንቅም። ሦስቱም ያስኬዱታል። የሚያስቸግረው ፕሪንተሩና ዳታው ነው። አውቶካድ የሚሠራ መሐንዲስ ግን ተቃራኒው ነው፤ ለእሱ ዋናው የስክሪን ካርዱ ጉዳይ ነው። በዩኤስቢ ዶንግል የሚከፈት ፕሮግራም ያለው ቢሮ ደግሞ ዶንግሉ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ መታየቱን ሳያረጋግጥ አንድ እርምጃ መሄድ የለበትም። «ጓደኛዬ ቢሮ ቪኤምዌር ነው ያለው» የሚለው ምክንያት የጓደኛችሁ ቢሮ የሚያስኬደው ሌላ ነገር ከሆነ ምንም አይጠቅማችሁም።

ለማያስፈልገው ሥራ ቨርቹዋል ማሽን መጫን

ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁት ግማሹ ዊንዶውስ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። የገቢዎች ሚኒስቴር ኢ-ታክስ የሚሠራው በብራውዘር ነው። ባንኮችም ለድርጅት የሚሰጡት የኢንተርኔት አገልግሎት በብራውዘር ነው። ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ሊኑክስ ላይ አለ፤ በቃ።

አማርኛ መጻፍም እንደዚሁ ነው። «ፓወር ግዕዝ ስለሚያስፈልገኝ ዊንዶውስ ይጫንልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሊኑክስ ግን የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት አለው፤ ከቋንቋ ቅንብሩ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ኪማን የተባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም የለመደ ሰውም የሊኑክሱን እትም መጫን ይችላል።

የድሮ ደብዳቤዎች ጉዳይ ግን ሰው በእውነት የሚደናገጥበት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ቢሮዎቻችን ውስጥ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በተቀመጠባቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ዝባዝንኬ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ፎንቱን ከድሮው ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ ቀድታችሁ ሊኑክሱ ላይ ጫኑት። ሊብሬኦፊስን (ሊኑክስ ላይ ደብዳቤ የሚከፍተውን ፕሮግራም) ዘግታችሁ ስትከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ አማርኛው ይመለሳል። ለዚህ ብቻ ሙሉ ዊንዶውስ መጫን ኮምፒውተሩን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው።

ዋይን ላይ ሙጭጭ ማለት፣ ወይም ጨርሶ አለመሞከር

ዋይን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ፕሮጀክት ነው። ዊንዶውስን አይጭንም፤ የዊንዶውሱ ፕሮግራም የሚጠይቀውን ሊኑክስ ወደሚገባው ቋንቋ ይተረጉምለታል። ስለዚህ ብዙ ራም አይበላም፣ የዊንዶውስ ላይሰንስም አያስፈልገውም። ትንንሽና ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በደንብ ይሄዱበታል። ቦትልስ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ከተጠቀማችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለብቻው ማስቀመጥ ትችላላችሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አይነካም። አንድ ከሰዓት ሰጥታችሁ ሞክሩት።

ፒችትሪ ላይ ግን ዋይንን አልመክርም። የፒችትሪን ዳታ የሚይዘው ከበስተጀርባ የሚሠራ ፐርቬሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሞተር ነው። ፕሮግራሙ ቢከፈትም እንኳ የሞተሩ ነገር አያስተማምንም። የድርጅት ሒሳብ ደግሞ «ዛሬ ከፍቷል» ተብሎ የሚታመንበት ነገር አይደለም። በዶንግል ለሚከፈቱ ፕሮግራሞችም ዋይን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ባዮሱን ሳያዩ መጀመር

አጭር ነገር ነው፤ ግን ስንቱን አስመርሯል። ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽን (ቨርቹዋል ማሽን የማስኬድ ችሎታ) ቢኖረውም ባዮሱ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚገባበት ቅንብር ውስጥ፣ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቨርቹዋል ማሽኑ ወይ አይነሳም ወይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል፤ ሰውዬውም ሶፍትዌሩን ይረግምና ሌላ ያወርዳል። ሌላውም አይነሳም። ኮምፒውተሩን ስታስነሱ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ዴል ላይ ኤፍ 2 ተጫኑና ባዮስ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤኤምዲ-ቪ ወይም ኤስቪኤም የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱት። አንዳንዱ ባዮስ ዝም ብሎ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ይህንን እዩ።

ራሙን ሁሉ ለዊንዶውሱ መስጠት

ብዙ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሰው 8 ጊጋ ራም አለው። «ዊንዶውሱ እንዲፈጥን» ብሎ 6ቱን ይሰጠዋል። ከዚያ ሊኑክሱ መተንፈሻ ያጣል፣ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፣ ሁለቱም አብረው ይንቀራፈፋሉ። ማውሱ እንኳ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ቨርቹዋል ማሽኑ ያለው ሊኑክሱ ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ሊኑክሱ ሲታነቅ ዊንዶውሱም ይታነቃል።

8 ጊጋ ካላችሁ ለዊንዶውስ 10 ከ4 በላይ አትስጡ። ለሒሳብ ሥራ 3 ጊጋም ይበቃዋል። የፕሮሰሰር ኮርም እንደዚሁ ነው፤ አራት ካለ ሁለት ስጡ። ጠቅላላ ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ዊንዶውስ 10ን በቨርቹዋል ማሽን አትሞክሩት። ፕሮግራማችሁ የድሮ ፒችትሪ ከሆነ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 በ1 ጊጋ ወይም በ1.5 ጊጋ ይሄዳል። ይህን የምለው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የቨርቹዋል ማሽኑ ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ኢንተርኔት ላይ መውጣት የለበትም። ቨርቹዋል ማሽን እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ኢንተርኔቱን በሊኑክሱ ትጠቀማላችሁ፣ የድሮው ዊንዶውስ በሩ ተዘግቶ ሒሳቡን ብቻ ይሠራል።

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዙ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ሲስተም አንድ ላይ ሲጽፉ የሚመጣውን መንቀርፈፍ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም። ከቨርቹዋልቦክስ ወደ ቪኤምዌር፣ ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም ሲንከራተቱ ከርመው ችግሩ ዲስኩ የሆነባቸው ብዙ ናቸው።

«ነጻ ነው» የሚለውን ሳያነቡ መቀበል

ቨርቹዋልቦክስ ዋናው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ለድርጅትም ጭምር። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪው ግን ሌላ ነው። ለግል አገልግሎትና ለትምህርት ነጻ ሲሆን፣ ለንግድ ሥራ ከኦራክል ላይሰንስ መግዛት ይጠይቃል። ብዙ ሰው እሱን የሚጭነው ለዩኤስቢ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 7.0 እትም ጀምሮ ግን የዩኤስቢ 2 እና የዩኤስቢ 3 ድጋፍ ወደ ዋናው ፕሮግራም ገብቷል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ኤክስቴንሽን ፓኩን ከነአካቴው ተዉት።

ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ ለዓመታት በገንዘብ ነበር። ድርጅቱን ብሮድኮም ከገዛው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ለድርጅትም ነጻ ሆኗል። ለማውረድ ብሮድኮም ላይ አካውንት መክፈት ግድ ነው። ሌላም ነገር አለው። የሊኑክሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሲታደስ ቪኤምዌር የሚጠቀምባቸው ሞጁሎች (ከርነሉ ላይ የሚጨመሩ ቁርጥራጮች) እንደገና መገንባት አለባቸው። አንዳንዴ አልገነባም ብለው ቀጥ ይላሉ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሥራ ይቆማል።

ኬቪኤም ከርነሉ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከርነል ሲታደስም አይሰበርም። ለእኔ ከሦስቱ በጣም የሚታመነው እሱ ነው። ግን አጫጫኑ ላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አለ። ኬቪኤምን በመስኮት በሚያስተዳድረው ቨርት ማናጀር ላይ የዲስኩን ዓይነት ቨርቲዮ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ ፈጣን ዓይነት) ብላችሁ ከመረጣችሁ የዊንዶውሱ መጫኛ «ዲስክ አላገኘሁም» ይላል። የቨርቲዮን የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘውን አይኤስኦ (የሲዲ ምስል ፋይል) እንደ ሁለተኛ ሲዲ አስገብታችሁ ድራይቨሩን ከእሱ ስጡት፤ ዲስኩ ወዲያው ይታያል።

የዊንዶውሱ ላይሰንስ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ጉዳይ ነው። ላፕቶፑ ጋር የመጣው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሲጫን እንደ ሌላ ኮምፒውተር ይቆጠራል። በጀት ስትይዙ ይህን አስቡበት። በፍላሽ እየዞረ የሚሰጠውን፣ ክራኩ አብሮት የተጫነ ዊንዶውስ ግን የደንበኛ ሒሳብ የሚሠራበት ማሽን ላይ አታስገቡ። የዊንዶውስ 10ንና የ11ን አይኤስኦ ራሱ ማይክሮሶፍት ከገጹ ላይ በነጻ ያስወርዳል። ሌላ ሰው የነካካውን መውሰድ ለምን?

ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ መጫን

«የሚሻለውን ለማየት» ተብሎ ሁሉም ይጫናል። ከዚያ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከርነል 6.12 ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ኬቪኤም ሞጁሉ ገና ሲነሳ የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን ይይዘዋል፤ ቨርቹዋልቦክስ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ስለሚጠብቀው ስህተት ሊያወጣ ይችላል። ቨርቹዋልቦክስ የምትጠቀሙና ይህ ስህተት የመጣባችሁ ከሆነ የኬቪኤም ሞጁል እንዳይነሳ አድርጉ። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። ኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም የዲስክ ፋይሉን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መለወጥ ይቻላል፤ ከዜሮ አትጀምሩም።

ቨርቹዋልቦክስን ስትጭኑ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ከሲስተሙ ጋር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የተከፈተ ከሆነ ኡቡንቱ የይለፍ ቃል አስገቡ ይላችኋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንኑ ቃል በሰማያዊው ስክሪን ላይ መልሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ሰው ስክሪኑን ሲያይ ደንግጦ «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ቨርቹዋልቦክሱ አልነሳም ይላል።

ከግራፊክስ ተአምር መጠበቅ

ባለ ሁለት ገጽታ አውቶካድ፣ መካከለኛ ሥዕል ከሆነ፣ ቪኤምዌር ላይ ይሄዳል። በግራፊክስ ከቨርቹዋልቦክስ ይሻላል። እንደ ሉሚዮን ወይም ከባድ ሬቪት ያሉ የሕንጻ ንድፍ ፕሮግራሞችን ግን አትሞክሩ። ኬቪኤም ስክሪን ካርዱን እንዳለ ለዊንዶውሱ አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ይፈልጋል። ላፕቶፕ ላይ ራስን ማድከም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው አርክቴክት ዊንዶውሱን ከሊኑክሱ ጎን በራሱ የዲስክ ክፍልፋይ ላይ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። በግልጽ ነው የምነግራቸው።

ፕሪንተሩንና ዶንግሉን እስከ መጨረሻ ቀን ማቆየት

ሁሉም ነገር ተጭኗል፣ ፒችትሪው ተከፍቷል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቫውቸር ልታትም ትላለች። ፕሪንተሩ የለም።

ቨርቹዋልቦክስ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተሩን የምትጠቀመው ሰው ስሟ ቪቦክስዩዘርስ በሚባለው የሊኑክስ ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ የዩኤስቢው ዝርዝር ባዶ ይሆናል ወይም ደብዝዞ አልነካ ይላል። ቡድኑ ውስጥ ከገባች በኋላም ወጥታ እንደገና መግባት አለባት፤ ብዙ ሰው ይህችን ይዘልና «አልሠራም» ይላል። ከዚያ በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ለዚያ ፕሪንተር ወይም ዶንግል ማጣሪያ ጨምሩለት። በየጊዜው በእጅ ሳይመረጥ ራሱ ይገባል።

ኤፕሰን ኤልኪው የተባለው ባለ ሪባን ፕሪንተር ያላቸው ቢሮዎች ለዚህ ልዩ ትኩረት ይስጡ። የድርጅቱ ስም ቀድሞ የታተመበት፣ ካርቦን ያለው ቫውቸር ላይ ነው የሚታተመው። ፕሪንተሩን ሊኑክሱ ይዞት ዊንዶውሱ በእሱ በኩል ቢያትም የወረቀቱ ልክ ይቀየርና ብሩ ያለቦታው፣ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። ፕሪንተሩን በዩኤስቢ በቀጥታ ለዊንዶውሱ ስጡት፣ የኤፕሰንን የዊንዶውስ ድራይቨር ጫኑ፣ የድሮውን የወረቀት ልክ አስገቡ። ያኔ ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። አንድ የተበላሸ ቫውቸር ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ እንጂ አዲሱን ጥራዝ አትጨርሱ።

ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ መቁጠር

ስናፕሾት፣ የቨርቹዋል ማሽኑ የዚያን ሰዓት ሁኔታ ቅጂ፣ ጥሩ ነገር ነው። ማሻሻያ ከመጫናችሁ በፊት ትወስዳላችሁ፣ ቢበላሽ ትመለሳላችሁ። ግን ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሲጠራቀም ደግሞ ቦታ ይበላል። ዊንዶውሱ ውስጥ 30 ጊጋ የማይሞላ ፋይል ይዛችሁ ቨርቹዋል ማሽኑ ከዚያ እጥፍ በላይ ቦታ ሲይዝ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የድሮ ስናፕሾቶች ናቸው። ከፕሮግራሙ ውስጥ አጥፏቸው፤ ፋይሎቹን በእጅ አትሰርዙ።

የፒችትሪን ዳታ ሊኑክሱ ላይ ባለ የጋራ ፎልደር ውስጥ አድርጎ በቀጥታ መሥራትም አይመከርም። ዳታቤዙ ፋይሎቹን መቆለፍ አለበት፣ የጋራ ፎልደሩ ደግሞ ይህን በትክክል ላያደርግ ይችላል። ዳታው ዊንዶውሱ ውስጥ ሲ ላይ ይቀመጥ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ፒችትሪው ራሱ ባክአፕ ያውጣና ፋይሉ ወደ ጋራ ፎልደሩ ይሂድ። ከዚያ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይቀዳ።

ስለ መብራትም ልበል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁለት ሲስተም ነው አንድ ላይ የሚወድቀው። ሊኑክሱ ብዙ ጊዜ ራሱን አስተካክሎ ይነሳል። ውስጡ ያለው ዊንዶውስና ዳታቤዙ ግን ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ የግድ ነው። ለአስር ደቂቃ የሚበቃ ትንሽም ቢሆን ይበቃል፤ ዊንዶውሱን በሥርዓት ለመዝጋት።

ዊንዶውሱ ፓኬጁን እንዲበላ መተው

ሊኑክሱን በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኝታችኋል እንበል። ሊኑክሱ ዋይፋይ መሆኑን ያውቃል። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ግን የሚያየው የኬብል ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ገደብ የሌለው መስመር መስሎት ማሻሻያውን በጊጋ ያወርዳል፣ የቀኑ ፓኬጅ ከረፋዱ ላይ ያልቃል። ዊንዶውሱ ውስጥ ገብታችሁ በኔትወርክ ቅንብሩ ላይ ይህ መስመር በመጠን የሚከፈልበት ነው የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ለኬብል ኔትወርክም ይህን ምርጫ ይሰጣሉ።

የድሮውን ዊንዶውስ ቶሎ ማጥፋት

ቨርቹዋል ማሽኑ ስለተከፈተ ብቻ አልቋል አትበሉ። አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ ይለፍበት። ደመወዙ ይሠራበት፣ ቫውቸሩ ይታተምበት፣ የቫት ሪፖርቱ ይውጣበት፣ ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ይታይ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ የቀየራችሁ ከሆነ የድሮውን ፎርማት ሳታደርጉ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። አሮጌው ዲስክ ላይ ዊንዶውሱን ከሊኑክሱ ጎን የያዛችሁ ከሆነ ደግሞ ክፍልፋዩን የምትሰርዙት ከወር መዝጊያው በኋላ ይሁን፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ «አሁን አያስፈልገኝም» ስትል።